የቤት ፓርቲ ሽያጭ፦ ቀጠሮ ሲደርቅ ችግሩና መፍትሔው

ሰው ሳሎን ገብቶ ዕቃ እያሳየ ለሚሸጥ ሰው ሱቁ ካላንደሩ ነው። አንዷ ጋባዥ ሆና ጓደኞቿን ቤቷ ትጠራለች፣ አንቺ ዕቃ ታሳያለሽ፣ እሷም ለጋባዥነቷ ቅናሽ ወይም ስጦታ ታገኛለች፤ ቀጣይዋ ጋባዥ ደግሞ ከእንግዶቹ መካከል ትገኛለች። ድስት ሸጥሽ ኮስሞቲክስ፣ ፕላስቲክ ዕቃ ሸጥሽ ጌጣጌጥ፣ ቀጠሮ ከሌለ ሽያጭ የለም። ቀጠሮ ሲጠፋ ብዙዎቻችን አዲስ ሰው ፍለጋ እንሮጣለን፦ ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን፣ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ካታሎግ እንበትናለን። እኔ ግን መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ፓርቲዎች መርምሪ ባይ ነኝ። ቀጣዩ ቀጠሮ መገኘት የነበረበት እነዚያ ፓርቲዎች ላይ ስለነበር የተበላሸውም ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።

ይህን የጻፍኩት አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ እንደ ዲሲና አካባቢው ሐበሻ በብዛት ባለበት ከተማ ለምትሠሪ እህት ነው። የአንቺን ችግር ፈልገሽ ከዚያ ጀምሪ።

«ቤቱ ሞልቶ ነበር፣ ሽያጩም ጥሩ ነበር፣ ግን ማንም ቀን አልያዘም»

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው የጠየቅሽበት ሰዓት ነው። ዕቃው ታይቶ፣ ቡናው በረካ ደርሶ፣ ሰው ኮቱን ሲፈልግ ቆመሽ «እስቲ ቀጣዩን ማን ያዘጋጃል?» ካልሽ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። በሰው ፊት «እኔ» የሚል ከኛ መካከል ጥቂት ነው፤ አንዷ ዝም ካለች ሌላዋም ዝም ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከመጨረሻው ሰዓት አውጪው። ስትጀምሪ ጋባዧን አመስግኚና ዛሬ በጋባዥነቷ ምን እንደምታገኝ በግልጽ ተናገሪ። መሃል ላይ አንድ ውድ ዕቃ ስታነሺ ጋባዥ በስንት እንደምትወስደው ጣል አድርጊ። ዋናው ጥያቄ ግን ሒሳብ ስትቀበዪ፣ ለእያንዳንዷ ለብቻዋ የሚቀርብ ነው። ትእዛዝ የምትጽፊበትን ቦታ ከሳሎኑ አርቂው፤ የኩሽና ጠረጴዛ ጥግ ይበቃል። አንድ በአንድ ይምጡ።

«ያንን መጥበሻ ሁለቴ አንስተሽ መልሰሽ አስቀመጥሽው፣ አይደል?»

«ወድጄው ነበር፣ ዋጋው ነው እንጂ።»

«አንቺ ብታዘጋጂ በጋባዥ ዋጋ ትወስጂዋለሽ። ስድስት ሰባት ሴት ከመጣች በቂ ነው። ቅዳሜ 12 እና እሑድ 20 ክፍት ነኝ፤ የቱ ይመችሻል?»

«ትፈልጊያለሽ ወይ?» እንዳላልሻት ልብ በዪ። የጠየቅሻት ቀን እንድትመርጥ ነው። ሴትዮዋ በዕድሜ የምትበልጥሽ ከሆነች ግን በቅናሽ አትጀምሪ፤ ያሳፍራታል። «እትዬ፣ የማኅበር እህቶችዎ ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር፤ ቤትዎ መጥቼ ላሳይዎት?» በዪ፤ ስጦታውን በኋላ ትነግሪያታለሽ።

ሁለተኛውን ምክንያት ብዙ ሻጭ አያየውም፤ ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ይከፋል። ምክንያቱ ድግሱ ነው። ጋባዧ እንግዳ መጣ ብላ ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ ክትፎ አስከትላ፣ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ካቀረበች እንግዶቹ እየበሉ ማስላት ይጀምራሉ። «እኔ ቤት ሲሆን ከዚህ አንሼ ልታይ ነው?» ብላ የምታስብ ሴት ቀን አትይዝም። ምን ያህል እንደሚያስወጣት፣ ስንት ሰዓት ቆማ እንደምትውል አይታዋለችና። ስለዚህ ገና ቀኑ ሲያዝ ለጋባዧ ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት፦ ቡና፣ ቆሎ ወይም ፈንዲሻ፣ ሌላ ምንም። የኩሽና ዕቃ የምትሸጪ ከሆነ የሚበላውን እዚያው ስታሳዪ ትሠሪዋለሽ፣ አስቤዛውንም ይዘሽ ትመጫለሽ። «ሰው ምን ይለኛል» ብላ ብታስቸግርሽ እንኳ አትለሳለሺ። እንግዶቹ ሲወጡ «ይህን እማ እኔም አደርገዋለሁ» ብለው መውጣት አለባቸው።

«ሰው ይመጣል፤ ግን ስልኩን ሲነካካ ነው የሚያመሸው»

ካታሎግ እያነበብሽላቸው ነው ማለት ነው። ካታሎግ ማንም ቤቱ ተቀምጦ ያያል።

የቤት ፓርቲ መጀመሪያውኑ ለምን እንደተስፋፋ ማስታወስ ይጠቅማል። ተፐርዌር የተባለው ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መደብር ውስጥ ተደርድሮ አልሸጥ ብሎ ነበር፤ ክዳኑ እንዴት እንደሚገጥምና አየሩ እንዴት እንደሚወጣ በእጅ ካልታየ ለገዢው ተራ ፕላስቲክ ነበርና። ብራውኒ ዋይዝ የምትባል ሴት ግን ሳህኑን ፈሳሽ ሞልታ፣ ክዳኑን ገጥማ ሳሎን ውስጥ ትወረውረው ነበር። ኩባንያው በ1951 ዕቃውን ከመደብር አውጥቶ ሽያጩን በቤት ፓርቲ ብቻ አደረገ፣ ሥራውንም ለእሷ ሰጣት። በ1954 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋኑ ላይ ያወጣት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

አንቺም ከዕቃዎችሽ መካከል ካልታየ የማይታመነውን አንዱን ምረጪና የምሽቱ ማዕከል አድርጊው። ከዚያም እጅሽ ላይ አታቆዪው፤ እንግዳ ትነሣና ራሷ ሽንኩርቱን ትክተፍበት፣ ራሷ እጇ ላይ ትቀባው። «ይህንንስ እህቴ ማየት አለባት» የምትል ሴት ከተገኘች ቀጠሮሽ እሷ ናት። ሒሳብ ስትቀበዪ ከእሷ ጀምሪ።

«የምጠራው ሰው አልቆብኛል»

ሦስት ፓርቲ ላይ የነበሩትን ሴቶች ስም ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፊ። ስሞቹ ከተደጋገሙ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው፦ አንድ ማኅበር ወይም አንድ እቁብ ውስጥ እየዞርሽ ነው። ሴቶቹ አልጠሉሽም፤ ድስት የሚገዛ ሰው በየወሩ ድስት አይገዛም፣ ያ ብቻ ነው።

መፍትሔው የጋባዧ የስም ዝርዝር ላይ ነው። «የምታውቂያቸውን ጻፊ» ካልሻት አንቺው አስቀድመሽ የምታውቂያቸውን አምስት ሴቶች ጽፋ ታቆማለች። አብረሻት ተቀመጪና እየጠየቅሽ አጽፊያት፦ ሥራ ቦታ አብራሽ የምትገባው ማን ናት? የልጅሽ ክፍል ጓደኛ እናትስ? ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤትሽ? ጸጉር የምትሠራሽ? ድሮ አብራችሁ ኖራችሁ አሁን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሌላ ሠፈር የሄደችው? ሐበሻ ብቻ መሆን የለባቸውም፤ ፈረንጅዋ ጎረቤት ስትጠራ የምትደሰት አለች። ዓላማው ትልቅ ሰልፍ መጥራት ሳይሆን አንቺን የማያውቁ ሁለት ሦስት ሴቶች ቤቱ እንዲገቡ ነው። ቀጣዩን ቀን የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው፤ የራሳቸው ሰው ገና አልተነካምና።

«እሺ ብላኝ ነበር፤ አሁን ስልክ አታነሣም»

ቀን ሳትይዝ ስለሄደች ነው። ያንኑ ምሽት፣ ነገሩ በሞቀበት ሰዓት፣ ቀን ያልያዘች ሴት በማግስቱ ሥራ ገብታ፣ ልጅ አምጥታ፣ ነገሩን ትረሳዋለች። ከሁለት ቀን ሳታሳልፊ ደውዪ፤ ቴክስት አይደለም፣ ደውዪ። አሁንም ሁለት ቀን አቅርቢ። ሁለት ጊዜ «እነግርሻለሁ» ካለችሽ ግን መልሱን ሰጥታሻለች፤ ይሉኝታ ይዟት እንጂ አትፈልግም። ሦስተኛ ከደወልሽ ቀጠሮ ሳይሆን ሰው ነው የምታጪው፤ ቤተ ክርስቲያን ስታይሽ በሌላ በር መውጣት ትጀምራለች።

«ቀን ይያዛል፣ ግን ይሰረዛል»

ቀኑ ርቆ ይሆናል። ከሦስት ሳምንት በላይ የተያዘ ቀጠሮ በመካከሉ ብዙ ነገር ይገባበታል፤ ሁለት ሳምንት አካባቢ ጥሩ ነው፣ ጋባዧም ሰው ለመጥራት ይበቃታል።

ወይም ካላንደርሽ የአሜሪካ ብቻ ነው። የስጦታ መግዣው ወቅት ኖቬምበርና ዲሴምበር መሆኑን ኩባንያሽ ይነግርሻል፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና እንደሚዘልቅ ግን አይነግርሽም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ሙስሊም ደንበኞች ካሉሽ ረመዳን አለ። ይህን ሳታዪ ቀን ከያዝሽ ጋባዧ ሲደርስ ነው የምታስታውሰው። እኔ ግን ጾሙን ሽሺው አልልም። የጾም ምግብ የሚሠራበት የኩሽና ዕቃ ፓርቲ በጾም ወቅት ሰው ይስባል፤ ሰው ሽሮና ምስር ስለሰለቸው አዲስ የጾም ነገር ማየት ይፈልጋል። ሰሙነ ሕማማትን ብቻ ተይው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ከቀትር በኋላ ያዢ፤ ሺፍት የሚሠሩ ከበዙ ደግሞ የሥራ ቀን ምሽት ይሻላል።

ለቅሶ ከተሰማ ፓርቲው ራሱ ይቀራል። ገና ሳትጠየቂ ደውለሽ «እናራዝመው» በዪና ለቅሶው ላይ ድረሺ። ዕቃሽን እዚያ አታንሺ። ቀኑን ጋባዧ ራሷ መልሳ ታነሣዋለች።

«አሥራ አምስት ተጠርቶ ሦስት መጣ»

ጥሪው በቫይበር ግሩፕ ተለጥፎ ቀርቷል። ግሩፕ ላይ የተለጠፈን ጥሪ ማንም የራሱ አድርጎ አይወስደውም። ጋባዧ ለእያንዳንዷ ትደውል፤ ዋዜማውን እንደገና ትደውል። ሰዓቱን ደግሞ አንድ ሰዓት አስቀድማ ትንገር፤ ሐበሻ መሆናችንን አንርሳ።

ሌላም አለ። «ነይ ቡና ጠጪ» ተብላ መጥታ ካታሎግ የተሰጣት ሴት ያን ቀን በይሉኝታ አንድ ነገር ገዝታ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አንቺ ባለሽበት ቡና አትጠጣም። ጋባዧ ስትጠራ «የሚሸጥ ዕቃ ይታያል፣ መግዛት ግን ግዴታ አይደለም» ትበል። ጥቂት ሰው ይቀራል፣ የሚመጣው ግን አውቆ የመጣ ነው።

«ቤቴ ጠባብ ነው» ለሚሉሽ፣ ስድስት ሰው ስቱዲዮም ይበቃዋል፣ ብዙ አፓርትመንትም የጋራ አዳራሽ አለው። «ጊዜ የለኝም» የምትል ካታሎጉንና የኦንላይን ማዘዣ ሊንኩን ለአንድ ሳምንት ትያዝ፤ ትእዛዙ እሷ ጋ ይሰብሰብ። «ሰው ማስቸገር አልፈልግም» የምትልሽን አትከራከሪያት።

«አንድ ጊዜ የገዛኝ ሰው ሁለተኛ አይቀርበኝም»

ይህ ከሽያጩ በኋላ የመጣ ችግር ነው፦ ዕቃው ዘግይቶ፣ ተሰብሮ ደርሶ፣ ወይም ልመልስ ስትል ፊትሽን አጥቁረሽባት። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ገዢ በራሷ ቤት የገዛችው 25 ዶላርና ከዚያ በላይ፣ ከቤቷ ውጭ በጊዜያዊ ቦታ የገዛችው ደግሞ 130 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መሰረዝ እንድትችል ይፈቅዳል። ሻጭ የመሰረዣውን ቅጽ ሁለት ቅጂ መስጠት አለባት። ደረሰኙም ገለጻው በዋናነት በተደረገበት ቋንቋ መሆን አለበት፤ በአማርኛ ካሳየሽ በአማርኛ ማለት ነው። ኩባንያሽ በአማርኛ ካላዘጋጀ ጠይቂያቸው። መሰረዝ እንደምትችል ከአንቺው አፍ የሰማች ሴት ሳትፈራ ትገዛለች፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ደውለሽ «እንዴት ሆነልሽ?» ስትያትም ታነሣለች። ያ ስልክ ራሱ ቀን ማስያዣ ነው።

«ባዛር ላይ ጠረጴዛ ይዤ መቶ ካርድ በተንኩ፣ አንድም አልደወለም»

አይደውሉም። ካርድ አትስጪ፣ ስልክ ተቀበዪ። ትንሽ ዕቃ ለዕጣ አስቀምጪና ወረቀቱ ላይ ስም፣ ስልክ፣ ሠፈር፣ ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑር፦ «ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ብታዪው ደስ ይልሻል?» «አዎ» ያሉትን ያንኑ ሳምንት ደውዪላቸው። በየዓመቱ በጁላይ 4 አካባቢ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ብዙ ሕዝብ አለው፤ ግን ሰው ከየስቴቱ ነው የሚመጣው፣ ሲያትል ሆነሽ አትላንታ ያለች ሴት ቤት ድረስ አትሄጂም። ለኦንላይን ፓርቲ ካልሆነ በቀር የከተማሽ የቤተ ክርስቲያን ባዛር ይሻልሻል።

«ይህን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ቀጠሮም አለ፣ ገንዘብ ግን የለም»

እንግዲህ የቀጠሮ ችግር አይደለም። የበላይሽ፣ ማለት ወደ ሥራው ያስገባችሽ ሴት፣ ስትደውል የምትጠይቅሽ ስለ ሽያጭ ነው ወይስ «ስንት ሰው አስገባሽ» ነው? ገቢሽ አዲስ ሻጭ ወደ ኩባንያው በማስገባት ላይ የቆመ ከሆነ፣ ወይም ደረጃሽን ላለማጣት በየወሩ በራስሽ ካርድ ዕቃ እየገዛሽ ምድር ቤት የምትቆልዪ ከሆነ፣ አዲስ ፓርቲ አይፈታውም። ውልሽን አውጪና ስለ መልሶ ግዢ የሚለውን አንቀጽ አንብቢ። የአሜሪካ የቀጥታ ሽያጭ ማኅበር አባል የሆኑ ኩባንያዎች ባለፉት 12 ወራት የተገዛና ሊሸጥ የሚችል ዕቃን፣ ሻጭ ስትወጣ ከከፈለችበት ዋጋ 90 በመቶ መልሰው እንዲገዙ የማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ ያስገድዳቸዋል። ኩባንያሽ አባል መሆኑን አጣሪ፣ ደረሰኞችሽን ሰብስቢ፣ ካርቶኖቹንም ከመክፈትሽ በፊት ኩባንያው ጋ ደውዪ።