ከወሊድ በኋላ ጭንቀት ሲበረታ ምን ይደረግ?

ከወለድሽ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባስና ያለ ምክንያት ማልቀስ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ከዚያ በኋላም ልብሽ እየመታ፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ እያለሽ፣ «አንድ ነገር ይሆንብኛል» የሚለው ሐሳብ አልለቅ ካለሽ ግን ጭንቀት ነው፤ ይታከማል።

መጀመሪያ የሚስተካከለው እንቅልፍ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት አጥብተሽ ተኚ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሕፃኑን ባልሽ፣ እናትሽ ወይም እህትሽ ይያዙት። የታለበ የጡት ወተት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ ክፍሉ ሞቃት ካልሆነ፣ ከታለበ ጀምሮ እስከ አራት ሰዓታት ድረስ ይቆያል፤ በንጹሕ ሲኒ ይሰጠዋል። ማለብ ካልሆነልሽ ሕፃኑን አምጥተው ያስጠቡሽና ይውሰዱት፤ ማስገሳቱ፣ ዳይፐር መቀየሩና ማስተኛቱ የእነሱ ሥራ ይሁን። «አራስ ብቻዋን አትተኛም» ብሎ ክፍሉን በጠያቂ መሙላት ግን እንቅልፍ ይነሳል እንጂ አያግዝም። የመጠየቂያ ሰዓት ይወሰን። ቡናም ልብ ያስመታል፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር አቦል ከመጠጣት በቀን በ2 ሲኒ ተወሰኚ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅርብሽ።

ሌሊት ደጋግሞ «ይተነፍሳል?» ብሎ ማየት ከሁሉም በላይ ያደክማል። አዲስ የተወለደ ሕፃን አተነፋፈሱ ወጥ አይደለም፦ ፈጠን ይላል፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቆም ይላል፣ እንደገና ይቀጥላል። ይህ ጤነኛ ነው። ባየሽው ቁጥር ግን አእምሮሽ «ስላየሁት ነው የተረፈው» ብሎ ይይዘዋል፤ ቀጥሎ ቶሎ ቶሎ ያስነሳሻል። ስለዚህ ጥንቃቄውን ከመተኛትሽ በፊት ጨርሺው፦ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ፣ በራሱ መኝታ፣ አንቺ ባለሽበት ክፍል፤ ትራስም ፊቱን የሚሸፍን ጨርቅም አይኑር። ከዚያ ስታጠቢ ብቻ እዪው። በመሃል «ተነሺ» የሚል ስሜት ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች 5 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 10 ደቂቃ ታገሺ። በ4 ቁጥር አየር አስገቢ፣ በ6 ቁጥር አስወጪ።

በእውነት ካሠጋሽ መገመት ሳይሆን መቁጠር ነው። ሲረጋጋ ልብሱን ገልጠሽ ሆዱን እያየሽ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሚው፤ አሁንም 60 ከሞላ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ከተወ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰጂው። እዚህ ላይ «ጭንቀቴ ነው» ብሎ መተው የለም።

«ብጥለውስ? በቢላዋ ብጎዳውስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት መጥቶ የሚያስደነግጣቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ አፍረው ስለሚደብቁት ነው የማይሰማው። ሐሳቡ የሚያስጠላሽና የሚያስፈራሽ ከሆነ ታደርጊዋለሽ ማለት አይደለም። ቢላዋ መደበቅ፣ ሕፃኑን ከማጠብ መሸሽ ፍርሃቱን ያሳድገዋል። ለምታምኚው አንድ ሰው ንገሪ። ድምፅ መስማት፣ «ይህ ልጅ የእኔ አይደለም» ማለት፣ ለቀናት ሳይተኙ ድካም አለመሰማት ወይም ራስን ለማጥፋት ማሰብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ሳይተዋት በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዳት። ጠበል ቢፈለግም ሕክምናው አይዘግይ።

ለሌላው ሁሉ የክትባት ቀጠሮውን ተጠቀሚበት፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ መሄድሽ አይቀርም። «ደክሞኛል» ብቻ አትበዪ፤ «ሕፃኑ ተኝቶም መተኛት አልቻልኩም» በያቸው። የደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም ጠይቂ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። መድኃኒት ቢታዘዝልሽ እያጠባሽ መሆንሽን ተናገሪ። ሰርትራሊን የሚባለው የጭንቀት መድኃኒት ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሲሻልሽም ሐኪሙ ሳያውቅ አታቋርጪው።