ድሮን ከማሳ በላይ፦ ጎረቤት የሚያስቀይሙ ስህተቶች

ባለፈው ጥቅምት ከአክስቴ ልጅ ጋር ከሐረር ተነስተን ወደ ኤረር ሸለቆ ወረድን። የቤተሰቡ ማሽላ ውስጥ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ገብቷል። የትኛው ጥግ እንደተጎዳ ከላይ ለማየት ትንሿን ድሮኑን ይዟል። ድሮኗ ተነስታ ሰላሳ ሜትር እንኳ ሳትሞላ፣ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ካለው ማማ ላይ አንድ ልጅ ወንጭፉን አሽከረከረ። ቀኑን ሙሉ ግሪሳ ወፍ ሲያባርር የሚውል ልጅ ነው። ድንጋዩ በአንድ ክንድ ሳታት።

"አቦ! ዋሪያ፣ ተው እንጂ!" እያለ የአክስቴ ልጅ ሮጠ። ልጁ ከማማው ሳይወርድ በኦሮምኛ መለሰለት፦ እናቴ ምንጩ ጋ ገላዋን እየታጠበች ነው።

የአክስቴ ልጅ የፈቃድ ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ ነው የሚዞረው። ከአዲስ አበባ ፈቃድ ነበረው፤ ምንጩ ጋ ካለችው ሴት ግን አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ አሰብኩበት። ከገበሬም፣ ድሮን ከያዙ ልጆችም ጋር ተከራከርኩ። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የኛው ነው።

"የራሴ ማሳ ነው፣ ማን ይከለክለኛል?"

እስቲ ስሌት እንሥራ። በብዛት የምናያቸው፣ 250 ግራም የማይሞሉት ትንንሽ ድሮኖች ሰፊ ሌንስ ነው ያላቸው። እንዲህ ያለችው ድሮን 120 ሜትር ላይ ሆና ቀጥ ብላ ወደ ታች ስታነሳ፣ አንዷ ፎቶ ወደ 170 በ130 ሜትር የሚጠጋ መሬት ትይዛለች። ከሁለት ሄክታር በላይ ማለት ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ ብዙው ገበሬ አንድ ሄክታር እንኳ የለውም፣ ያችም እዚህና እዚያ የተቆራረጠች ናት። ስለዚህ "ማሳዬን አነሳሁ" ስትሉ የሦስት የአራት ጎረቤት ጫት፣ የቡና ጓሮ፣ የተሰጣ ልብስና መጸዳጃ ቤት አብራችሁ አንስታችኋል።

"ከፍ ካልኩ ማንንም አልረብሽም" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ድምፁ ይቀንሳል። ግን ከፍ ባላችሁ ቁጥር የሚገባው ጎረቤት ይበዛል። 30 ሜትር ላይ ፎቶዋ የምትይዘው 43 በ32 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለአቀንጭራ ፍለጋ ደግሞ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ በ12 ሜጋፒክስል የፎቶዋ እያንዳንዷ ነጥብ መሬት ላይ አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ትሆናለች። የሰው ፊት ከዚያ ላይ አይለይም። ጎረቤት ግን ፊት አያስፈልገውም፤ በሻሿና በአረማመዷ የማን ሚስት እንደሆነች ያውቃል።

ትልቁ ጥፋት ካሜራውን ማጋደል ነው። ቀጥታ ወደ ታች ስታዩ የምታዩት ከሥራችሁ ያለውን ነው። ወደ አድማስ ካጋደላችሁት ግን የላይኛው ሰፈር፣ የታችኛው ሰፈር፣ መንገዱ፣ ሁሉም ገባ። ለቪዲዮ ያምራል፣ አውቃለሁ። ለሰብል ምንም አይጠቅምም። እኛ አሁን ካሜራውን ወደ መሬት ደፍተን ነው የምናስነሳት፤ መቅረጽ የምንጀምረውም ከራሳችን ማሳ በላይ ከደረሰች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወሰኑን ከጎረቤት ጋር አንድ ዙር በእግር እንዞራለን። ገበሬ ወሰኑን የረገጠ ሰው አይረሳም፤ ከላይ ስለሆናችሁ ምሕረት የሚያደርግላችሁ እንዳይመስላችሁ።

ለአባወራው ብቻ መንገር

ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው። ሐጂን አስፈቅደናል፣ ሻይ ጠጥተናል፣ አብሽሩ ብለውናል፣ ስለዚህ አለቀ እንላለን። ማሳው ላይ የሚውለው ግን ሐጂ አይደሉም። ጫት የሚቀጥፉ የቀን ሠራተኞች አሉ። ውሃ የሚቀዱ ልጃገረዶች አሉ። ሜዳ ላይ ለመጸዳዳት የሚወጣ ሰው አለ፣ እንዳንዋሽ። እነዚህን ማንም አላስፈቀዳቸውም። ከማስነሳታችሁ ሩብ ሰዓት በፊት አንድ ሰው በየአቅጣጫው ሄዶ "ካሜራ ሊነሳ ነው፣ ከዚህ እስከዚያ ነው" ብሎ ቢናገር ምን ይጎድላል? ሰው የሚፈራው ሳያውቀው ከላዩ የሚጮኸውን ነገር ነው። በዚህ አገር ድሮን ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ጦርነትን መሆኑንም አትርሱ።

ሰዓትም አለ። ለሰብል የሚመቸው ብርሃን ከረፋዱ አምስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው፣ ጥላ ስለሚያንስ። ዓርብ ግን ይህ የጁምዓ ሰዓት ነው። ወንዱ መስጊድ ሄዶ ቤት ሴቶች ብቻ ሲቀሩ የምትነሳ ድሮን ምን እንደምታስጠረጥር መናገር አያስፈልገኝም።

ወረቀት መናቅ፣ ወረቀት ብቻ ማመን

አጭር ላድርገው። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም ሲቪል አቪዬሽንም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ድሮኑ ቦሌ ላይ ትቀራለች። ድሬ ላይ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው አፍንጫ ሥር ነው፤ "ማሳዬ ከከተማ ውጭ ነው" የሚል ክርክር እዚያ አያዋጣም። ወረቀቱ ግን ሰማዩን እንጂ የሰው ጓሮ አይፈቅድም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፣ በኪስ የያዛችሁት ፈቃድም ያንን አይሽርም።

ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ መወርወር

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ዓ.ም. ነው፤ ድሮን ሳይታሰብ የተጻፈ። አንቀጽ 27 ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ አይቻልም ነው ሐሳቡ። አንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ "ላይክ ለማግኘት" የሚል ግን አላየሁበትም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል።

ከሕጉ ይልቅ ገበሬውን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። አወዳይ ገበያ የሚሄድ ጫት ትኩስ ካልደረሰ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ የትኛው ማሳ ለመቀጠፍ እንደደረሰ ማወቅ ገንዘብ ነው፣ ለሌባም ጭምር። አንድ ሽማግሌ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ የኔን ጫት ውሻ ይጠብቀዋል። ያንተን ፊልም ማን ይጠብቀዋል?" መልስ አልነበረኝም። ድሮን የምታነሳው ፎቶ ውስጥ ቦታው በጂፒኤስ ቁጥር ተጽፎ ይቀመጣል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩት ይህ ቁጥር ይወገዳል። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን የማሳው አድራሻ አብሮ ይሄዳል። እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት አንድ ሦስት ግሩፕ ውስጥ ከበተንኩ በኋላ ነው።

"እግረ መንገዴን ጀጎልንም ላንሳ"

ከማሳ ሲመለሱ ባትሪ የተረፋቸው ሁሉ የሚወድቁበት ፈተና ነው። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት ነው፤ ከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከላይ ያምራል፣ ማን ይክዳል። ግን የሐረሪ ቤት እንዴት እንደተሠራ አስቡ። ከመንገድ የምታዩት ግድግዳ ብቻ ነው። በሩን አልፋችሁ ግቢው ውስጥ ስትገቡ ነው ቤቱ የሚገለጠው፤ እዚያ ሴቷ ሻሿን አውልቃ ትቀመጣለች፣ ልጆች ይታጠባሉ። ያ ሁሉ ግድግዳ የቆመው ገመና እንዲሸፍን ነው። ድሮን ከላይ መጥታ በአንድ ደቂቃ ታፈርሰዋለች። ደግሞም ጭላቱ አለ። ሥጋ ገበያው ላይ ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቆ የሚሄደው ጭላት ለናንተ ድሮን የሚያዝን ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል።

ወንጭፍና ወሬ

አሁን ደግሞ ከታች ላለነው። ድሮን መምታት ያስደስታል፣ ግን ስህተት ነው። የሊቲየም ባትሪዋ ሲቀጠቀጥ ይቃጠላል፤ ደረቅ የማሽላ አገዳ መሃል ስትወድቅ ምን እንደሚከተል ገበሬ ያውቃል። ካሳ የምትከፍሉትም እናንተው ትሆናላችሁ። አብራሪው ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ ድሮኗን በዓይኑ መከታተል ስላለበት ጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ነው። ስትመለስ በዓይናችሁ ተከተሏት፣ የምታርፈው እሱ ጋ ነው። ሰዓቱን ያዙ፣ በስልክ ቅረጿት፣ ካስፈለገ ቀበሌ ሂዱ።

በጣሪያ አልፋ ቤት ውስጥ ታያለች የሚለው ወሬም ይቅር። አታይም። ሙቀት የሚለየው ካሜራ እንኳ የግድግዳውን ሙቀት ነው የሚያየው እንጂ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን አይደለም። ያልሆነውን ስንፈራ የሆነውን እንዘነጋለን።

ካርዱ ማን ጋ ቀረ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። "ማሳችሁን በነጻ አንስተን ካርታ እንሠራላችኋለን" የሚል ሰው ሲመጣ ሁሉም ስክሪኑን ከቦ ይደነቃል፣ ከዚያ ሰውየው ሜሞሪ ካርዱን ይዞ ይሄዳል። ያ ካርታ ስንት ዛፍ እንዳላችሁ፣ ወሰናችሁ የት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ጥግ ጦም እንደሚያድር ይናገራል። የወሰን ክርክር ወይም የካሳ ግምት የመጣ ቀን በማን እጅ እንዳለ ለውጥ ያመጣል። ቅጂ ይሰጣችሁ፤ ለማን እንደሚያሳየውም መቼ እንደሚሰርዘውም በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት መስመር ይበቃል።

እኛ በዚያ ቀን ስክሪኑን ይዘን ወደ ልጁ እናት ሄድን። ለብሳ፣ ተቆጥታ ቆማ ጠበቀችን። ቪዲዮው ላይ ምንጩ በአንድ ጥግ ይታያል፣ እሷ አትታይም። ቢሆንም እሷው ፊት ቪዲዮውን ሰረዝነው። ማሽላው እስኪታጨድ ሁለት ጊዜ ተመልሰናል። አሁን መጀመሪያ የምናየው ወደ ማማው ነው። ልጁ ወንጭፉን አስቀምጦ እጁን ካላወዛወዘ ድሮኗ ከቦርሳ አትወጣም።