ጌም አብሮ የሚሠራ ሰው ባሕር ዳር ላይ እንዴት ይገኛል?

«ምርጥ የጌም ሐሳብ አለኝ፤ ፕሮግራመር እፈልጋለሁ» ብሎ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ ብዙ ነው። መልስ የሚያገኝ ግን ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ላይ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ኮድ የሚጽፍም፣ የሚሥልም፣ ማሲንቆ የሚጫወትም ሞልቷል። ችግሩ መልእክቱ ሥራው ምን ያህል እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ እስካሁን ምን እንደተሠራ አለመናገሩ ነው። መጨረሻው የማይታይ ሥራ ውስጥ ማንም ዘሎ አይገባም። ስለዚህ ለማንም ከመጻፋችሁ በፊት ስልክ ላይ ተጭኖ የሚጫወቱት ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ እጃችሁ ላይ ይኑር።

የአንድ ደቂቃ ጌም

ምሳሌ እንውሰድ። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ጭኖ ስለሚሻገር የደንገል ታንኳ ጌም ልትሠሩ አስባችኋል እንበል። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ታንኳው ሐይቁ ላይ በቆየ ቁጥር ይከብዳል፤ ባለቤቱም አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው ለዚህ ነው። የጌሙ ልብ እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ የጫነ ብዙ ያገኛል፣ ነገር ግን ቀስ ይላል፤ ቀስ ሲል ደግሞ ታንኳው ይበልጥ ይርሳል። ይህን ለማሳየት አንድ ቡናማ አራት ማዕዘን፣ አንድ ሰማያዊ መደብ፣ ጭነትና እርጥበትን የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። ጉማሬውም እምቦጩም ይቆዩ። ሰዓሊው ሲመጣ የሚሠራው ነገር ያስፈልገዋል።

የምትሠሩበትን ሞተር (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ገና ካልመረጣችሁ ጎዶት ይሻላል። ነፃ ነው፣ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ከሽያጭ የሚቆርጠው ድርሻ የለም። አብሯችሁ የሚሠራው ሰው ሲመጣም አካውንት ክፈት ሳትሉ በፍላሽ ልትሰጡት ትችላላችሁ። ዩኒቲ የለመደ በዩኒቲ ይቀጥል፤ ዩኒቲ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ጌሙ ስልክ ላይ በተጫነ ቁጥር ላስከፍል ብሎ ከዓመት በኋላ መሰረዙን ግን አይርሳ። ጎዶት ላይ ፕሮጀክት ስትከፍቱ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን የምስል አሠራር ምረጡ። ሌሎቹ ሁለቱ አዲስና ጠንካራ ስልክ ይፈልጋሉ፤ እዚህ ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ግን እንዲህ ዓይነት ስልክ አይደለም። ኤፒኬውን (ስልክ ላይ የሚጫነውን የጌሙን ፋይል) ከ50 ሜጋባይት በታች አድርጉት። ለ32 ቢትም ለ64 ቢትም ስልክ አንድ ላይ ካወጣችሁት ያብጣልና ለሙከራ አንዱን ብቻ አውጡ። ከኤፒኬው ጋር የ20 ሰከንድ ስክሪን ቪዲዮ ይኑራችሁ። ኤፒኬ ለመጫን የሚፈራ ሰው ቪዲዮውን ያያል።

የጎደለውን በቁጥር መጻፍ

«ሰዓሊ እፈልጋለሁ» እና «11 ሥዕል የሚሠራልኝ ሰው እፈልጋለሁ» በጣም ይለያያሉ። የታንኳውን ጌም እንቁጠር፦ ታንኳው ደረቅ ሲሆን፣ ሲርስና ሊሰምጥ ሲል 3፤ ቀዛፊው ሲቀዝፍ 4፤ ጉማሬው ብቅና ጥልቅ ሲል 2፤ እምቦጭ 1፤ ወደቡ 1። ድምሩ 11 ነው። የታንኳው መጠን 128 በ64 ፒክስል፣ ፋይሉ ከበስተጀርባው ባዶ የሆነ ፒኤንጂ። ይህን ያነበበ ሰዓሊ ሥራው ሁለት ቅዳሜ ይሁን ሁለት ወር እንደሚፈጅበት ወዲያው ያውቃል።

መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰላም። ስለ ጣና ታንኳ አጭር የስልክ ጌም እየሠራሁ ነው። አሁን የሚጫወት ነገር አለ፣ ቪዲዮው ከታች ነው። የጎደለኝ 11 ትንንሽ ሥዕል ነው፣ ዝርዝሩ ተያይዟል። ለመጀመሪያዎቹ 3 በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ብር በቴሌብር እከፍላለሁ። ከተስማማን ቀሪውንና ድርሻውን ተቀምጠን እንነጋገራለን። ቅዳሜ ከሰዓት ፔዳ በር አካባቢ ቡና ልጋብዝ?»

የብሩን መጠን አትደብቁ። «በስምምነት» የሚል ቃል ያየ ሰው «አይከፈለኝም» ብሎ ነው የሚያነበው። ገንዘብ ከሌላችሁም በግልጽ ጻፉት፤ በምትኩ ምን ልትሠሩለት እንደምትችሉ ንገሩት። ለሰዓሊ ሥራዎቹን የሚያሳይበት ድረ ገጽ መሥራት እውነተኛ ዋጋ ያለው ልውውጥ ነው። እስከ ዛሬ ያልገባ ትርፍ ግን እንደ ደመወዝ አትጥሩ።

ማን የት አለ

ኮድ የሚጽፍ ሰው ስትፈልጉ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ፖሊ ግቢ የሚዘል የለም፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የኮምፒውቲንግ ተማሪዎች እዚያ ናቸው። ወሳኙ ጊዜው ነው። ፈተና ሲቃረብ የጠየቃችሁት ልጅ እሺ ብሎ ይጠፋል፤ ዋሽቶ ሳይሆን ጊዜ አጥቶ። ሰኔ ላይ የተጀመረ ሥራ ደግሞ ክረምቱን ተማሪው ወደ አገሩ ሲገባ ይቋረጣል። ሴሚስተሩ በጀመረ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሂዱ። ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይፈልጋልና ጌሙን እዚያ ላይ ማስገባት ይቻል እንደሆነ አማካሪ መምህሩን ይጠይቅ። የሥራው ባለቤት ማን እንደሚሆንም በዚያው ይጠየቅ፤ በኋላ ከማንሳት ያኔ ማንሳት ይቀላል።

የሥዕል ሰው ስትፈልጉ ብዙዎች የሚረሱት ቦታ ባነርና ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶችን ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር ላይ የተቀመጠ ልጅ አለ፤ እጁ ፈጣን ነው፣ የደንበኛ ቀጠሮ ማክበርም ለምዷል። የሠርግና የምርቃት ሰሞን አትሂዱ፣ ቀና ብሎም አያያችሁም። ሥራ ስትረከቡ ንብርብሩ (ሌየሩ) ያልተጨፈለቀውን ዋናውን ፋይል ጭምር ተቀበሉ። ጄፔግ ብቻ ከሰጣችሁ ታንኳው በነጭ ሳጥን ተከቦ ሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነጩን ለማጥፋት ስትሞክሩ ጠርዙ ይቆራረጣል። የሰው ቅርጽና ልብስ የሚሥል ከፈለጋችሁ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት የዲዛይን ተማሪዎች አሉ።

በቤተ ክርስቲያን አሣሣል የሠለጠነ ሰዓሊ ብታገኙ ትልቅ ዕድል ነው። በዚያ ባህል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ወዳጅና ጠላትን ያለ ጽሑፍ እንዲለይ ማድረጊያ ከዚህ የተሻለ ምን አለ! ነገር ግን የገዳማቱን ግድግዳ ፎቶ አንስታችሁ ቀጥታ አትገልብጡ። ለምእመኑ የጸሎት ሥዕል ነው፤ ጌም ውስጥ ሲሮጥ ማየት ያሳዝናል፣ ያስቆጣልም። ስልቱን የሚያውቅ ሰው አዲስ ይሣልላችሁ።

ደራሲ ወይም የአማርኛ አርታዒ ፔዳ ግቢ ከቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች መካከል ይገኛል። ጽሑፉ ከመድረሱ በፊት ፊደሉን አዘጋጁ፤ ከውጭ የወረዱት የፒክስል ፊደሎች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው «ታንኳ» የሚለው ቃል ሦስት ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነፃ ይወርዳሉ፣ ጌሙ ውስጥም ማካተት ይፈቀዳል።

ሙዚቃው

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ብዙ ጌም የሚበላሸው በሙዚቃ ነው። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አካባቢ፣ በአዝማሪ ቤቶችና በሠርግ ባንዶች ውስጥ ጥሩ ተጫዋቾች አሉ። በዕድሜ ከሚበልጧችሁ ጋር በቴሌግራም አትጀምሩ። በአካል ሄዳችሁ «ጋሼ» ብላችሁ ጌሙን በስልካችሁ አሳዩዋቸው። ነገሩን ሲያዩት ቅኝቱን ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ለማለዳው ጸጥታ ትዝታ ይሁን አንቺሆዬ፣ ከእናንተ እነሱ ያውቃሉ።

የማሲንቆ አንዷ ጅማት በተጫዋቹ ድምፅ ልክ ስለምትቃኝ ዛሬና ነገ የተቀዳ ዜማ አይገጥምም። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መቀመጫ ቅዱ። መጀመሪያ ባዶዋን ጅማት 10 ሰከንድ አስቀዱ፤ ሌላ ቀን መመለስ ካስፈለገ መቃኛ ትሆናለች። የዋሽንት ድምፅ በርዝመቱ የተወሰነ ስለሆነና ተጫዋቹ ብዙ ዋሽንት ስለሚይዝ በየትኛው እንደተጫወተ ምልክት አድርጉ። ባጃጅ የማያልፍበት፣ ጄኔሬተር የማይሰማበት ክፍል ፈልጉ፤ መጋረጃና ፍራሽ ያለበት መኝታ ቤት ከባዶ ሳሎን ይሻላል። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ጩኸት ለመቀነስ ናሙናው እሱ ነው። ዜማው ያለማቋረጥ እንዲዞር ከተፈለገ ተጫዋቹ በጆሮ ማዳመጫ ምት ይስማ። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ 32 ምት ልክ 16 ሰከንድ ይሞላል፤ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ፋይሉን ኤምፒስሪ አታድርጉት፤ ኤምፒስሪ ጫፉ ላይ ጥቂት ዝምታ ስለሚጨምር ዜማው በዞረ ቁጥር ይደናቀፋል። ዌቭ ወይም ኦግ ይሁን።

የሁለት ሳምንት ሙከራ

ከማንም ጋር ድርሻ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ትንሽ ሥራ አብራችሁ ጨርሱ። በዚህ ጊዜ የምታዩት ችሎታውን ብቻ አይደለም፤ ችሎታ ከሥራ ናሙናውም ይታያል። መብራት ጠፍቶ ወይም ኔት ተቋርጦ ሲዘገይ ቀድሞ ያሳውቃል ወይ? ያልገባውን ይጠይቃል ወይስ ገምቶ ይሠራል? አስተያየት ስትሰጡት ያስተካክላል ወይስ ይቆጣል? ሦስቱን ሥዕል በሦስተኛው ሳምንት ያመጣ ግን በየመሃሉ የደወለ፣ በሰዓቱ አምጥቶ ስልክ ከማያነሳው ይበልጣል። እናንተም በዚያው ሚዛን እየተመዘናችሁ ነው፦ ገንዘቡን በተባለው ቀን ክፈሉ፣ ሥዕሉ በመጣ በማግሥቱ ጌሙ ውስጥ አስገብታችሁ አዲሱን ኤፒኬ ላኩለት። የሠራው ነገር ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ሳይጠየቅ ይቀጥላል።

ሥራው ሲጀመር ፋይል በቴሌግራም መለዋወጥ አቁሙ፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «እውነተኛ የመጨረሻ» የሚባሉ ፋይሎች ይወልዳል። የፋይሎችን ለውጥ እየመዘገበ የሚይዘውን ጊት የተባለ ፕሮግራም ተጠቀሙ። የጊት ፋይሎች በኢንተርኔት በሚቀመጡበት ጊትሃብ ላይ የግል ማከማቻ ነፃ ነው፣ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ግን አይቀበልም፤ ስለዚህ ያልተቆረጠው የድምፅ ቅጂ በሐርድ ዲስክ ይቀመጥ። ጎዶት ራሱ የሚፈጥረውን የተደበቀ «ጎዶት» ፎልደር ጊት እንዳይከታተለው አድርጉ። አንድን ትዕይንት (የጎዶት «ሲን» ፋይል) ሁለት ሰው በአንድ ቀን አይንካ፤ ሲጋጭ ለማስታረቅ ግማሽ ቀን ይበላል። የፋይል ስም ሁሉ በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት ይሁን። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለማይለይ ላፕቶፕ ላይ የሠራው ሥዕል ስልክ ላይ ይጠፋል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ሁለት ቀን መፈለግ አለ።

ወረቀቱ

ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ወረቀት እንደማያስፈልግ አይሰማችሁ። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በመሠረቱ ሥዕሉ የሠዓሊው፣ ዜማው የደራሲው ነው፤ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ሊሆን ይችላል። መብቱ ወደ ሌላ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ሳይጻጻፍ የተበተነ ቡድን ጌሙን መሸጥ ያቅተዋል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ማን ምን ሠራ፣ ጌሙ ውስጥ ለመጠቀም ፈቃድ መስጠቱ፣ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ገቢ ሲመጣ መጀመሪያ የትኛው ወጪ እንደሚመለስ፣ ቀሪው እንዴት እንደሚከፈል። አንድ ሰው መሃል ላይ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ሳትጽፉ አትፈርሙ። የሚሠራው መንገድ ድርሻን ከተጠናቀቀ ሥራ ጋር ማሰር ነው፤ ከ11 ሥዕል 4 አድርሶ የወጣ ሰው ለ4ቱ ድርሻውን ይይዛል፣ ሥዕሎቹም ጌሙ ውስጥ ይቆያሉ። ሁሉም ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክርም ይፈርሙ፣ እያንዳንዱ አንድ ቅጂ ይያዝ።

ለመልቀቅ ሲደርስ ጌም በሚለጠፍበት ኢች አይኦ ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ነፃ ነው። ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ያስከፍላል፤ አዲስ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ ጌሙ ለሁሉም ከመከፈቱ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በዝግ ሙከራ እንዲቆዩ ይጠይቃል። «ጊዜ የለኝም» ብለው የመለሷችሁን ሰዎች ስም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝግባችሁ ያዙ። ጌም አይሠሩላችሁም፣ ለሁለት ሳምንት ስልካቸው ላይ ለመጫን ግን ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ከእያንዳንዳቸው ስልካቸው ላይ የሚጠቀሙበትን የጂሜይል አድራሻ ተቀበሉ፤ መካከል ላይ ጌሙን ከስልኩ የሚያጠፋ ሰው ስለማይታጣ 12 ሳይሆን 18 ሰው አዘጋጁ።