እርጥብ የመኖ እህልን በእርሾ ከሻጋታ መጠበቅ

ይህ ዘዴ ለከብት መኖ እንጂ ሰው ለሚመገበው እህል አይሆንም። ለቤት የሚቀመጥ በቆሎ ወይም ስንዴ ርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ እስኪደርስ መድረቅ አለበት፤ በደረቀ እህል ላይ እርሾው የሚሠራው ነገር የለም። ጥቅሙ የአጨዳ ዝናብ ማድረቂያ ጊዜ ሲነፍግና እህሉ እንደረጠበ ለከብት እንዲቀመጥ ሲወሰን ነው።

የዳቦ እርሾ እዚህ ደካማ ነው። በስዊድን ኡፕሳላ ባለው የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ብዙ የተጠናው ዊከርሃሞማይሲስ አኖማለስ የሚባለው ነው፤ የቀድሞ ስሙ ፒቺያ አኖማላ፣ በደንብ የታወቀው ዝርያ ደግሞ ጄ121 ነው። ከቤተ ሙከራ ንጹሕ ሆኖ፣ በሚሊ ሊትር ስንት ሕያው ሕዋስ እንዳለው ተጽፎበት መምጣት አለበት። ከጠላ ወይም ከእንጀራ እርሾ ተቀድቶ አይተካም፤ በውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅምና።

በታሸገ በርሜል ውስጥ እህሉ ራሱ እየተነፈሰ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ችግሩ ማታ ነው፦ በርሜሉ ሲቀዘቅዝ የውስጡ አየር ይኮማተርና በክዳኑ ስንጥቅ ጥቂት የውጭ አየር ይስባል። ያቺ ጥቂት አየር ለፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ፣ ለዚያ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ፣ ትበቃዋለች። እርሾው ግን ኦክስጅኗን ይሻማዋል፤ በዚያ ላይ አየር ሲያጥረው ስኳሩን ወደ አልኮልና ኤቲል አሲቴት ወደሚባል ሽታ ያለው ውህድ ይለውጣል፤ ሻጋታውን በዋናነት የሚያፍነው ይኸው ኤቲል አሲቴት ነው። አየር በብዛት ከገባ እርሾው ያመረተውን መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ የሚያፈስ ክዳን በእርሾ አይካስም።

መጀመሪያ ርጥበቱን ይለኩ። 100 ግራም ሽርክት መዝነው በ105 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት። 78 ግራም ከቀረ ርጥበቱ 22 በመቶ ነው። ላልተፈጨ እህል ከ18 እስከ 25 በመቶ ተስማሚ ነው።

ልኩ በአንድ ግራም እህል 100,000 ሕዋስ ነው። አንድ ቶን እህል አንድ ሚሊዮን ግራም ስለሆነ 100 ቢሊዮን ሕዋስ ይፈልጋል፤ ፈሳሹ በሚሊ ሊትር አንድ ቢሊዮን ካለው 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል ማለት ነው። ይህን በ5 ሊትር ውኃ በጥብጡት፤ የእህሉን ርጥበት የሚጨምረው በግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለ100 ኪሎ 10 ሚሊ ሊትር በግማሽ ሊትር ውኃ ይሆናል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን እርሾን ይገድላል፤ በሰፊ ዕቃ ክፍት አድርገው ያሳድሩት፤ የጉድጓድ ውኃ ካለ ይሻላል። ፀረ ሻጋታ አሲድ የያዘ መርጫ ሳይታጠብ አይጠቀሙ።

እህሉን በሸራ ላይ በስሱ ዘርግተው እያገላበጡ ይርጩ። አንድ ቦታ ላይ ከፈሰሰ ያው ቦታ ብቻ ይረጥብና የተቀረው ያለ እርሾ ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በዚያው ዕለት የጎማ ማሸጊያ ባለው በርሜል እየጠቀጠቁ እስከ አፉ ይሙሉት፤ ከላይ ባዶ ቦታ አይተዉ። ባለ 200 ሊትሩ ወደ 140 ኪሎ በቆሎ ይይዛል። ቀንና ሌሊት የሙቀቱ ልዩነት በማይበዛበት ጥላ ያኑሩት። ጥቂት ላሞች ላሉት ሰው አንድ ትልቅ በርሜል ሳይሆን ብዙ ትናንሽ ይሻላሉ፤ የተከፈተው በጥቂት ቀን ውስጥ ማለቅ ስላለበት።

ሲከፈት የፍራፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ካለ እርሾው ሠርቷል። የምድር ቤት ሽታ፣ የእህሉ መጓጎል ወይም ሙቀት ካለ ሻጋታ ገብቷል፤ ላይ ላዩን ገፎ የቀረውን መስጠት አይበጅም፤ መርዙ ከሚታየው ሻጋታ አልፎ ሊገኝ ይችላልና። ሻጋታ ነክቶት የገባ እህልም በእርሾ አይድንም፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ከተፈጠረ በኋላ ባለበት ይቆያል፣ ወደ ወተትም ይተላለፋል። በትልቅ ሲሎ (የእህል ማከማቻ ጎተራ) ከተሠራ ደግሞ ውስጡ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ስለሆነ፣ እህል ተጣበቀ ብሎ ማንም ሰው እንዳይገባ።