ፑጃ በሀዋሳ፦ ዕለታዊ የሂንዱ አምልኮ በቤት ውስጥ

የሂንዱ እምነት ተከታይ አምላኩን የሚያገለግልበት የመጀመሪያው ቦታ ቤቱ ነው። ብሃክቲ፣ ማለትም ለአምላክ በፍቅር መሰጠት፣ ቤተ መቅደስ በሌለበት ከተማም አንድ ንጹሕ ጥግና ጥቂት ዕቃ ይበቃዋል። ይህ መመሪያ ሀዋሳ ላይ ሥርዓቱን መጀመር ለሚፈልጉ፣ እንዲሁም ቤት ላከራዩአቸው ወይም አብረዋቸው ለሚሠሩ ሂንዱዎች በትክክል ማዘጋጀት ለሚሹ ነው።

በሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ በባጋቫድ ጊታ (9፥26) አምላኩ ክሪሽና ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ውኃ እንኳ በፍቅር ከቀረበለት እንደሚቀበል ይናገራል። ስለዚህ የስጦታው ውድነት አይፈለግም። ሌላው ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫታ ፑራና ደግሞ በአምላኪው በፕራህላዳ አንደበት ዘጠኝ የብሃክቲ መንገዶችን ይቆጥራል፦ መስማት፣ በዜማ ማወደስ፣ ማሰብ፣ እግሩን ማገልገል፣ ማምለክ፣ መስገድ፣ አገልጋዩ መሆን፣ ወዳጁ መሆን፣ ራስን ፈጽሞ መስጠት። ፑጃ አምስተኛው፣ ማለትም ማምለክ፣ ነው። ዘጠኙንም በአንድ ሳምንት ልያዝ የሚል ሰው ቶሎ ይደክማል፤ በየዕለቱ ሩብ ሰዓት ሳያቋርጡ መያዝ ይሻላል።

ለአምላኩ ምስል የሚመረጠው የቤቱ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ነው፤ አምላኪው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን ያደርጋል። ምስሉ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ንጹሕ ጨርቅ የለበሰ ትንሽ ጠረጴዛ ይበቃል። ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ለአምላኩ የሚበራውን የቅቤ መብራት እንዳያጠፋው ጠረጴዛው ከመስኮት ትይዩ አይሁን። መብራቱ ከመጋረጃ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለመብራቱና ለምግቡ በሚሆነው ቅቤ ላይ ነው። እኛ ቤት ለወጥ የምናነጥረው ቅቤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አንዳንዴም ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለአምላክ በሚቀርብ ነገር ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ ያ ቅቤ ለምግቡም ለመብራቱም አይሆንም። ከገበያ ለጋ ቅቤ ይግዙ፤ የቆየው ጠረኑ ይከብዳል። በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመው ይጠቡት። ከዚያም በወፍራም ድስት፣ በዝግታ እሳት፣ ያለ ምንም ቅመም ያንጥሩት። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፤ ቀጥሎ ውኃው አልቆ መንጫጫቱ ይቀንሳል፤ ከታች የቀረው አተላ ወርቃማ ሲሆን ወዲያው ያውርዱና በስስ ጨርቅ ያጥሉት። አተላው ከጠቆረ ቅቤው ይመራል። ውኃው ሳያልቅ ከወረደ ደግሞ መብራቱ ላይ እየተንጣጣ ይጠፋል።

ለመብራቱ ትንሽ የሸክላ ሳህን ያዘጋጁ። ጥጥ በመዳፍ አሽተው ክር ያድርጉና ሙሉ በሙሉ ቅቤው ውስጥ ይንከሩት። ከሳህኑ ጠርዝ የሚወጣው ጫፍ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከረዘመ ያጨሳል። ዕጣን በከሰል ማጨስም ይቻላል፤ ነገር ግን የከሰል ጋዝ ስለሚገድል መስኮት ይከፈት። ካምፎር፣ ማለትም ለአምልኮ የሚነደውን ነጭ ባለ መዓዛ ነገር፣ ሲገዙ ለልብስ የሚሆነውን ናፍታሊን እንዳይሰጡዎት ይጠንቀቁ። ንጹሕ ካምፎር ሲነድ አመድ አይተውም፤ ናፍታሊን ግን ጥቁር ጥላሸት ያወጣል፣ ጭሱም መርዛማ ነው።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ገላን ከመታጠብ ነው። ንጹሕ ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ምግብ አይቀመስም። አጭሩ ፑጃ አምስት ስጦታዎች አሉት፦ የሰንደል እንጨት ልቁጥ፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራት፣ ምግብ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ሁሉም በቀኝ እጅ ይቀርባሉ። መሬት የወደቀ ወይም አስቀድሞ የተሸተተ አበባ አይቀርብም። ለአማልክቱ ለቪሽኑና ለክሪሽና ቱልሲ የተባለው ቅጠል ይጨመራል። በሶብላ ዘመዱ ቢሆንም ምትኩ አይደለም፤ ቱልሲ ከሌለ አበባው ይበቃል። መጨረሻ ላይ አርቲ ይደረጋል፦ ግራ እጅ ደወል ይይዛል፣ ቀኝ እጅ መብራቱን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ያዞራል። የተለመደው 4 ጊዜ በእግሩ፣ 2 ጊዜ በእምብርቱ፣ 1 ጊዜ በፊቱ፣ 7 ጊዜ በመላ አካሉ ትይዩ ነው። መብራቱን በአፍ እፍ ብሎ ማጥፋት ነውር ነው፤ ራሱ ነድዶ ይለቅ።

ለምግቡ ቀላሉ የሰሞሊና (የሸካራ ስንዴ ዱቄት) ሃልዋ የሚባል ጣፋጭ ነው። ግማሽ ኩባያ ንጥር ቅቤ ውስጥ 1 ኩባያ ሰሞሊና በዝግታ እሳት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሽታው እስኪወጣና ቀለሙ ትንሽ እስኪለወጥ ይቆላል። 2 ኩባያ ተኩል የፈላ ውኃ ቀስ እያሉ ያፍሱ፤ ስለሚፈናጠር እጅዎን ያርቁ። ውኃው ከተመጠጠ በኋላ ሦስት ሩብ ኩባያ ስኳርና የ3 ፍሬ ሄል ዱቄት ይጨምሩ። ስኳሩ ከቀደመ ሰሞሊናው በደንብ ሳያብጥ ይቀራል። ሄሉን በኮረሪማ አይተኩት፤ ጣዕሙ ሌላ ነው። ከሁሉ በላይ፣ ሳይቀርብ በፊት ለቅምሻ እንኳ አይነካም። ልኩን ጠብቀው የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ከቀረበ በኋላ ፕራሳድ ይባላል፣ ለተገኘው ሁሉ ይታደላል። ተጋብዘው እምነትዎ መቀበል የማይፈቅድልዎት ከሆነ በአክብሮት አይሆንልኝም ማለት ይበቃል፤ ማንም አያስገድድዎትም።

ኤካዳሺ የሚባለው ጾም ለአበሻ አስተናጋጅ ፈተና ነው። ከአዲስ ጨረቃም ከሙሉ ጨረቃም በኋላ በ11ኛው ቀን ይውላል። በዚያ ቀን እህልና ጥራጥሬ አይበላም፤ ወተትና እርጎ ግን ይፈቀዳሉ። ከእኛ ጾም ጋር ግልብጥ ነው ማለት ነው፦ የጾም በያይነቱ፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ የጤፍ እንጀራው ሁሉ አይሆንም። ድንች፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ወተት ያቅርቡ። የሲዳማው ቆጮና ቡላ ከእንሰት እንጂ ከእህል ስላልሆኑ በእኛ ግምት ከድንች ተርታ ይገባሉ፤ በወተት የተሠራ ቡላ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጿሚውን አስቀድመው ይጠይቁ። ቀኑ በፀሐይ መውጫ ስለሚሰላ የሀዋሳው ከሕንዱ ሊለይ ይችላል፤ የስልክ ፓንቻንግ (የሂንዱ ቀን መቁጠሪያ) መተግበሪያ ላይ ከተማውን ሀዋሳ ብለው ያስተካክሉ።

ፑጃ ለማድረግ የማይመች ቀን፣ ለምሳሌ የሌሊት ፈረቃ ላይ፣ ጃፓ ይደረጋል፤ ይኸውም የአምላክን ስም በመቁጠሪያ መደጋገም ነው። መቁጠሪያው 108 ፍሬ አለው፤ ለቪሽኑ ከቱልሲ እንጨት፣ ለሌላው አምላክ ለሺቫ ሩድራክሻ ከሚባል ዛፍ ፍሬ ይሠራል። በቀኝ እጅ መካከለኛ ጣት ላይ አድርገው በአውራ ጣት ይሳቡት፤ ጠቋሚ ጣት አይነካውም። ሜሩ የተባለው ትልቁ ፍሬ ጋ ሲደርሱ አይሻገሩት፤ ገልብጠው በመጡበት ይመለሱ። «ኦም ናማህ ሺቫያ»ን ለሚያህል አጭር ቃል አንድ ዙር ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይወስዳል። ሐሳብ ሲሸሽ ድምፅን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ፍጥነት መጨመር ግን ስሙን ያጎለድፋል።

የደረቀው አበባ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። በሕንድ ወደ ወንዝ የመጣል ልማድ አለ፤ የሀዋሳ ሐይቅ ግን የሚፈስበት መውጫ ስለሌለው የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ክሩንና ፕላስቲኩን ለይተው፣ አበባውን እግር በማይረግጠው የዛፍ ሥር ይቅበሩት።