ፊት ላለመንሳት፦ የሌቪናስን ሐሳብ ሥራ ላይ ማዋል

11 ዓመት በሌሊት ፈረቃ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ጠዋት ርክክብ ላይ «ዘጠኝ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቸግረኝ አደረ» አልኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ የተኙት አባባ ሰሙኝ። ከዚያ በኋላ እስኪወጡ ድረስ ደወሉን አልነኩትም።

ኢማኑኤል ሌቪናስን ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሊቱዌንያ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረ አይሁዳዊ ፈላስፋ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይ ወታደር ሆኖ ተማረከ፤ 5 ዓመት ያህልም ጀርመን ውስጥ ታሰረ። ሊቱዌንያ የቀሩት ወላጆቹና ወንድሞቹ ተገደሉ። በእስር ቤቱ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች እሱንና ጓደኞቹን እንደ ሰው አይቆጥሯቸውም ነበር። ቦቢ ያሉት አንድ ውሻ ግን ከሥራ ሲመለሱ እየዘለለ ይቀበላቸው እንደነበር ጽፏል። የእኔን ዎርድ ከዚያ ጋር አላወዳድርም። ሰው ቁጥር ሲሆን ምን እንደሚጎድል ግን ከእሱ ተማርኩ።

የታካሚው ክፍል በር ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ስለ ሰውየው የያዛችሁትን ስያሜ አስቀምጡ። «ነጭናጫው»፣ «ዘጠኝ ቁጥር»፣ ሁሉንም። ሌቪናስ «ፊት» ሲል መልክ ማለቱ አይደለም። ሰውን ለመገናኘት የሚሻለው የዓይኑን ቀለም እንኳ አለማስተዋል ነው ይላል፤ ቀለሙን ስናጠና ሰውየውን እንደ ዕቃ እየመረመርነው ነውና። ፊት ያዝዘናል። የመጀመሪያ ቃሉም «አትግደል» ነው። ይህን ሳነብ «እኔ ማንን ገደልኩ?» አልኩ። መልሱን ያገኘሁት በራሳችን ቋንቋ ነው፦ ፊት መንሳት። ለአባባ ያደረግሁት እሱን ነው።

ሲጠሯችሁ «ምን ፈለጉ?» ከማለታችሁ በፊት «አለሁ» በሉ። በዕብራይስጥ «ሂኔኒ» ይባላል፤ አብርሃም ሲጠራ የመለሰው ቃል ነው። ለሌቪናስ «እኔ» የሚባለው ነገር ራሱ እዚህ ይጀምራል። ካርዱን አስቀምጡና ቁጭ በሉ። በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ያሉኝ እናት ነበሩ። ሰዓቱን ነገርኳቸው፤ ግን የፈለጉት እሱን አልነበረም። ሰው መኖሩን ነበር የሚጠይቁት።

ምስጋና አትጠብቁ። ማርቲን ቡበር የተባለ ሌላ አይሁዳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ እኔና አንተ ሲጽፍ ግንኙነቱን የጋራ አድርጎ ነው ያየው። ሌቪናስ እዚህ ላይ አይስማማም። የእኔ ኃላፊነት የሌላውን ምላሽ አይጠብቅም፤ መመለስ አለመመለስ የእሱ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ከባድ ይለዋል። እኔን ግን አቀለለኝ፤ የሚሰድበኝን ታካሚ ሳገላብጥ ሒሳብ መያዝ ተውኩ።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ልጇ የታመመባትን አንዲት ጀማሪ ነርስ «ታካሚ ጥለሽ እንዴት ትሄጃለሽ?» ብዬ ሁለተኛ ፈረቃ አሠራኋት። እያለቀሰች አደረች። ትልቅ ሐሳብ ይዤ ሰው ጎዳሁ። ሌቪናስ ራሱ ግን ሌላው ሰው ራሱን ይሠዋ ማለት የሰው መሥዋዕት መስበክ ነው ይላል። ያ ልክ የሌለው ግዴታ የሚሠራው በእኔ ላይ ብቻ ነው። ባልደረባዬ ለእኔ ሌላ ፊት ናት፤ የእሷም ድካም ይመለከተኛል። ስለዚህ ይህን ፍልስፍና ማንንም ለማዘዝ አትጠቀሙበት።

«ታዲያ 14 ታካሚ ቢኖረኝስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሌቪናስ «ሦስተኛው» የሚለው ይህንን ነው። ሦስተኛ ሰው ሲመጣ የማይወዳደሩትን ማወዳደር ግድ ይሆናል። ተራ፣ ሕግና ፍትሕ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ነርስ ይጨመር ብሎ አለቃን መወትወትም የዚሁ ኃላፊነት አካል ነው። ትታችሁ ስትሄዱ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትውጡ። «ሌላ ሰው ጠርቶኛል፤ በ10 ደቂቃ እመለሳለሁ» በሉ። በ10 ደቂቃም ተመለሱ።

ርክክብ ላይ ስም ይቅደም፤ ከዚያ ሕመሙ። የአልጋ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ። በሩንም መዝጋት አያስፈልግም፤ ታካሚው ቢሰማ የማታፍሩበትን ብቻ ተናገሩ።