ፕሪንተሩ ሲደበዝዝና ሲያቆሽሽ

ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሰው የሌዘር ፕሪንተሩ ጽሑፍ ሲደበዝዝበት ወዲያው ቶነር፣ ማለትም የዱቄት ቀለም፣ ይገዛል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ቀይሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተከፍቶ ያደረ ደስጣ እርጥበት ይስባል፤ ጽሑፉ እዚህም እዚያም ይነጣል። እኔ በፌስታል ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው።

ካልተሻለ ካርትሬጁን፣ ማለትም ቶነሩ ያለበትን ዕቃ፣ አውጡና በአግድም ይዛችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት። ከተስተካከለ ቶነሩ እያለቀ ነው፤ ለጥቂት ገጽ ግን ያሠራችኋል። ድራሙን፣ ማለትም ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈውን ተሽከርካሪ ሲሊንደር፣ በጣት አትንኩት፤ ብርሃንም አይምታው።

ጥቁር ነጥብ እየተደጋገመ ከወጣ ማስመሪያ አምጡ። ርቀቱ እኩል ከሆነ የሚሽከረከር አካል ተጎድቷል፤ ብዙ ጊዜ ድራሙ ነው። ሰኔ ላይ አንዲት መምህርት የፈተና ወረቀት ይዘው መጡ። ስለካው ነጥቡ በየ7.5 ሴንቲሜትሩ ይመጣል። በእሳቸው ፕሪንተር ድራሙ ካርትሬጁ ውስጥ ስለሆነ ካርትሬጁን ቀየርን፤ ነጥቡ ጠፋ።

ቀለሙ በጣት ሲታሽ ከለቀቀ ግን ጥፋቱ የቶነሩ ላይሆን ይችላል። ወይ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ማሞቂያ ደክሟል፣ ወይ ወፍራም ወረቀት አስገብታችሁ የፕሪንተሩን የወረቀት ቅንብር አልቀየራችሁም። ማሞቂያውን ራሳችሁ አትፍቱት፤ ክፉኛ ያቃጥላል።